ግማሽ ቬክተር

ተማሪዎቼ ከሚያደርጉት ነገር ሁሉ ደሜን የሚያፈላው ግማሽ ሠርቶ ማስረከብ ነው። ሞመንተም አቅጣጫ አለው እላቸዋለሁ። ማሱን በፍጥነቱ አባዝታችሁ ብቻ አትቀመጡ፣ ወዴት እየሄደ ነው ብላችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ። ሁለት ነገሮች ተጋጭተው በሰያፍ ከሄዱ፣ ወደፊት ያለውን ለብቻ፣ ወደ ጎን ያለውን ለብቻ አስሉ፤ ከግጭቱ በፊት ወደ ጎን የነበረው ከግጭቱ በኋላም ወደ ጎን ይኖራል፣ ወደፊት የነበረውም እንደዚያው። ጉሮሮዬ እስኪነቃ እላለሁ። ፈተና ሲመጣ ግን አንዱን ጎን ብቻ ይሠሩና የፈለጉት ቁጥር ሲወጣላቸው ከሥሩ ሁለት መስመር አስምረው ያስረክባሉ። ዜሮ እሰጣለሁ።

"ቲቸር፣ ግማሹ እኮ ልክ ነው!"

"ግማሽ ቬክተር ቬክተር አይደለም! ሂድ ቁጭ በል!"

ይህን የምለው እኔ ነኝ እንግዲህ። አስታውሱልኝ።

አባቴ ሹፌር ነው። ነበር ልበል ብዬ አፌ እምቢ ይለኛል። ሠላሳ ምናምን ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት መኪና ሲነዳ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ የሰው መኪና ጭሮ አያውቅም። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ካባ አላለበሰውም፣ ሰዓትም አልሸለመውም፤ "ያለ አንዳች አደጋ ያገለገሉ" የሚል ወረቀት በፍሬም አድርጎ ሰጠው። አባቴም ሳሎን ውስጥ፣ ከሟች እናቴ ፎቶ ጎን ሰቀለው። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ የሚያየው እሱን ነው።

ቤታችን ጎሮ ነው፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ገርጂ። እኔ መኪና መንዳት አልችልም። አዎ፣ ቀኑን ሙሉ የመኪና ፍጥነት ሳስተምር የምውል ሰው መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ሳቁ። ምን ያደርግልኛል? በየጠዋቱ አባቴ በአሮጌዋ ዲኤክስ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ያደርሰኛል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ የተማሪ ወረቀት አርማለሁ። እሱ ደግሞ በየቅያሱ፣ በየመታጠፊያው፣

"ረዳት፣ ቀኝ?" ይለኛል።

ቀና ብዬ በቀኝ በኩል አየት አደርግና "ነፃ ነው" እለዋለሁ። ወይም "ባጃጅ አለ፣ ቆይ።" መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። "ረዳት ዝም ብሎ አይጫንም፣ ይሠራል" እያለ ይቀልድብኛል። እየቆየ ግን ልማድ ሆነ፣ ከዚያም ያናድደኝ ጀመር። አንድ ገጽ ሳላርም ሦስት ጊዜ ቀና! ሹፌር እሱ፣ አንገት እኔ!

የዚያን ዕለት ጠዋት ለፈተና አርፍጃለሁ። ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ አባቴ ደግሞ እንደ ሙሽራ መኪና ይንፏቀቃል።

"ረዳት፣ ቀኝ?"

"ነፃ።"

መቶ ሜትር ሳንሄድ፣ "ቀኝ?"

"ነፃ ነው አባዬ።"

ደግሞ ሌላ ቅያስ። "ቀኝስ?"

"ኧረ ራስህ እየው! ዓይን የለህም እንዴ?"

ዳር ይዞ ቆመ። እኔም ወረድኩ። የዚያች መኪና በር በልምምጥ ነው የሚዘጋው፣ እሱ ራሱ ሲዘጋው እንደ ሕፃን ያባብለዋል፤ እኔ ግን ድርግም አድርጌ ዘጋሁትና ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ትምህርት ቤት በር ላይ ስደርስ ስልኬ ጮኸ፤ አባቴ ነው።

"እናቴ፣ የፈተና ወረቀትሽን ከነቦርሳው ኋላ ወንበር ላይ ረስተሽዋል። እያመጣሁልሽ ነው።"

"ቶሎ በል በቃ!" ብዬ ዘጋሁበት።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደገና ደወለ። "ትንሽ ነገር አጋጥማኝ ነው። አትደንግጪ" አለኝ። አባቴ አትደንግጪ ካለ መደንገጥ ነው። ያለበትን ጠይቄ፣ ተማሪዎቹን ለሌላ አስተማሪ ጥዬ ሮጥኩ።

ስደርስ ዲኤክሷ ዳር ቆማለች። የቀኙ በር፣ ጠዋት ድርግም ያደረግኩት በር፣ ወደ ውስጥ ገብቶ የኔን ወንበር ከማርሹ ጋር አጣብቆታል። ከፊቷ እንደ ቤት የገዘፈ ነጭ ቪ8 ቆሟል፤ እሱ አንድ መብራቱ ተሰብሮ መከላከያው ትንሽ ተጣመመ እንጂ ምንም አልሆነም። አባቴ ግንባሩን በመሐረብ ይዞ መንገድ ዳር ተቀምጧል። ቦርሳዬን ታቅፎታል።

"ወረቀትሽ አልረጠበም" አለኝ። መጀመሪያ ያለኝ ይህን ነው፣ በእናንተ ሞት!

ባለ ቪ8ቱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ለተሰበሰበው ሰው ያስተምራል። "ቆሜ እኮ ነው! ከቅያሱ አፍንጫዬን ብቻ አውጥቼ ቆሜ ነበር፣ በረው መጡብኝ።" ወደ አባቴ ዞሮ ደግሞ፣ "ፋዘር፣ በዚህ ዕድሜ ለምን አርፈው ቤትዎ አይቀመጡም?" አለው።

ፋዘር! ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። ሰው አባቱን ፋዘር ይበል፣ የኔን አባት ማን ፋዘር በል አለው? ሰዉ ደግሞ ይቀባበለዋል። አንዱ "ደንግጠው ነው፣ ፍሬን ያሉ መስሏቸው ነዳጅ ረግጠው ነው" ይላል። ሌላው "ዕድሜ ነው" ይላል። አንድም ያየ የለም፣ ሁሉም ይመሰክራል። ወድቆ የተገኘ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚሉት እውነት ነው፤ በተለይ ምሳሩን የያዘው ሰው ቪ8 ካለው።

ይባስ ብለው መኪኖቹን አንስተዋቸዋል። ትራፊክ መጥቶ ፕላን ሳያነሳ፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ ለክቶ ሳይስል፣ መኪና እንደማይነካ የማያውቅ የሸገር ሰው የለም። ባለ ቪ8ቱ ግን "መንገድ ዘጋን፣ ግፉ ግፉ" ብሎ አስገፍቶ ዳር አስይዟቸዋል። ተጋጭተው ተያይዘው የቆሙት መንገዱ መሀል፣ ሂያጁንና መጪውን የሚለየው ማካፈያ ጠርዝ ጋ ነበር አሉ። አሉ! አሁን ማን ያምነናል? ጩኸቴን ለቀቅኩት። የቻልኩትን ያህል ተሳደብኩ፣ አልዋሽም።

"የኔ ልጅ፣ ዝም በይና ነይ" አለችኝ አንዲት ሴት። እዚያው ቅያሱ አፍ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችር የጉልት ነጋዴ ናት። እጄን ይዛ ወደ መሀል ወሰደችኝ። ማካፈያው ሥር አራት ድንጋዮች ተቀምጠዋል። ሸራዋን ነፋስ እንዳይወስድባት የምትጭንባቸው ድንጋዮች ናቸው፤ መኪኖቹን ሲገፉ እሷ ሮጣ የዲኤክሷ ጎማዎች በነበሩበት አስቀምጣቸዋለች። "ሰው ቃሉን ይለውጣል ብዬ ነው" አለችኝ። ሸራዋ ወዲያ ማዶ በነፋስ ይርገበገባል። ላቅፋት ፈልጌ አፈርኩ።

የትራፊክ ፖሊሷ ወጣት ሴት ናት፣ ቀዝቃዛ ፊት ያላት። መስታወት የተዘራበትን፣ ድንጋዮቹን፣ ሁሉንም በሜትር ለክታ ሣለች። ቃል ተቀበለች። ባለ ቪ8ቱ "ቆሜ ነበር" አለ። አባቴ ደግሞ "ፍሬን ይዤ በሰው እርምጃ እየተንፏቀቅኩ ነበር የማልፈው፣ ዘሎ ገባብኝ" አለ። መንጃ ፈቃዱን ተቀበለችና ሐሙስ ኑ አለችን።

በማግሥቱ ያ ሰውዬ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ቤታችን መጣ። ሽማግሌዎቹን ከየት እንዳገኛቸው እንጃ፣ ጋቢያቸው ገና ከማጠፊያው አልተዘረጋም። ይዘውት የመጡት ወረቀት "ጥፋቱ የኔ ነው፣ በፍጥነት እየነዳሁ የቆመ መኪና ገጭቻለሁ" ይላል። አባቴ ይፈርም፣ ነገሩ በእርቅ ይለቅ፣ ነው የሚሉት። ከፈረመ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በዚህ ዕድሜ በፍጥነት እየነዳሁ የቆመ ሰው ገጨሁ ያለ ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ዳግም አያያትም። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀትም መውረዱ ነው።

"እስክሪብቶ አምጪልኝ" አለኝ አባቴ።

ያመመው መሰለኝ። "ምን ልታደርግ?"

"ልፈርምለትና ይለፍ፣ ልጄ።"

"ምኑ ነው የሚያልፈው? ቆሞ ነበር እንዴ? አልቆመም ብለሃል እኮ!"

"እርቅ ደም ያደርቃል፣ ልጄ" አሉኝ አንደኛው ሽማግሌ።

"የፈሰሰ ደም የለም! የፈሰሰው ውሸት ነው!" ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ መንጭቄ አራት ቦታ ቀደድኩት። እንግዳ ቤቴ ሆኖ እንዲህ ያደረግኩት በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፣ ደስ አለኝ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን እየፈለጉ ወጡ። አባቴን ግን ይበልጥ ጠላሁት ልበል? ሠላሳ ዓመት አንገቱን ቀና አድርጎ የነዳ ሰው፣ አንድ ባለ መነጽር ፋዘር ስላለው አንገቱን ይሰብራል! "ፈሪ ነህ!" አልኩት። ሬዲዮውን ከፍ አደረገ።

በነጋታው ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ አደጋው ወደ ደረሰበት ቦታ ሄድኩ። ድንጋዮቹ እንዳሉ ናቸው። ሴትየዋ በየሰዓቱ መኪና ሲገፋቸው እየሄደች ትመልሳቸዋለች። "መስመር አድርጌበታለሁ፣ አይጠፋኝም" አለችኝ፤ እውነትም አስፋልቱን በከሰል አስምራበታለች። እኔም መስታወቱ ተሰብሮ ከተዘራበት ተነስቼ ወደ ማካፈያው በእርምጃዬ ለካሁ። ስድስት። ወደ ጎን ስድስት እርምጃ!

በቃ፣ ያዝኩት። ነገሩ የዘጠነኛ ክፍል ጥያቄ ነው። አባቴ የሚሄደው በመንገዱ ርዝመት ወደፊት ነው፤ ወደ ጎን የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ያ ሰውዬ ከቅያሱ የሚወጣው መንገዱን አቋርጦ፣ ወደ ጎን ነው። እንዳለው ቆሞ ከነበረ ወደ ጎን የነበረው ሞመንተም ዜሮ ነው፣ ከግጭቱ በኋላም ዜሮ መሆን አለበት። ታዲያ ያቺን ዲኤክስ ስድስት እርምጃ ወደ ማካፈያው ማን ገፋት? ሰይጣን? የቆመ ነገር ሰው አይገፋም። ዘሎ ነው የገባባት፣ ነክሶ ነው የወሰዳት። እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ሴትየዋ ቲማቲም አስይዛ ሰደደችኝ።

ያን ምሽት በአንድ ትርፍ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ አሳምሬ ሣልኩት። መንገዱን፣ ቅያሱን፣ ወደ ጎን የምትሄደውን ቀስት። ቁጥሩ ወጣልኝ። ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርኩ።

ሐሙስ ትራፊክ ቢሮ ተሰበሰብን፤ እኔ፣ አባቴ፣ ያ ሰውዬና ፖሊሷ። ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ቆሜ አስረዳሁ፤ ተቀምጬ ማስረዳት አልችልበትም።

"ቲቸር፣ እኛ እኮ ተማሪዎችሽ አይደለንም" አለኝ ባለ ቪ8ቱ።

"ብትሆንማ ወላጅ አምጣ እልህ ነበር!"

ፖሊሷ አልሳቀችም። እጇን አነሳችና ዝም አሰኘችን። "ይቀጥሉ፣ መምህርት። እኔም ተማሪ ሳለሁ ናቹራል ሳይንስ ነበርኩ።" ቀጠልኩ። የቆመ ነገር ወደ ጎን እንደማይገፋ፣ ስድስቱን እርምጃ፣ ድንጋዮቹን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ነበር። እሷ የራሷን ፕላን ከኔ ወረቀት ጎን አድርጋ ረጅም ሰዓት አየች።

"ልክ ነሽ" አለችኝ፣ አንቱታውን ትታ። "ወደ ጎን አራት ሜትር ተኩል ለክቻለሁ። አልቆመም ነበር።"

አባቴን ዞሬ አየሁት። እንኳን ደስ ያለህ ልለው ነበር። ጉልበቱን ነው የሚያየው።

"ወደፊትስ?" አለች ፖሊሷ።

"ምን ወደፊት?"

"መኪኖቹ የሄዱት በሰያፍ ነው። ወደ ጎን አራት ተኩል፣ ወደፊት ደግሞ አምስት ሜትር። የወደፊቱን ሠርተሽዋል?"

አልሠራሁትም። አልለካሁትም እንኳ። እስክሪብቶ አንስቼ እዚያው ላይ ጀመርኩ፣ እጄ ስለለመደ እንጂ ልቤስ አቁሚ ይለኛል። ወደ ጎኑና ወደፊቱ እኩል ለእኩል ናቸው፣ እንዲያውም ወደፊቱ ትንሽ ይበልጣል። ወደ ጎኑ የቪ8ቱ ነው፣ ወደፊቱ የአባቴ። ቪ8ቱ የዲኤክሷን ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ያቺ ቀላል መኪና ከዚያ ግዙፍ ጋር እኩል ሞመንተም እንዲኖራት ፍጥነቷ የሱን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። በሰው እርምጃ የምትንፏቀቅ መኪና ይህን አታደርግም። ፍሬን የተያዘባት መኪና ይህን አታደርግም።

"አስፋልቱ ላይ የዲኤክሷ የፍሬን ምልክት የለም" አለች ፖሊሷ ቀስ ብላ። "እኔም ይኼ ነው ያልገባኝ። ፀሐይ ወጥቷል፣ ያን የሚያህል ነጭ መኪና ከቀኝ እየመጣ..."

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ወረቀት ተማሪ ቢያመጣልኝ ዜሮ ነው የምሰጠው። የጠቀመኝን ጎን ሠርቼ፣ አስምሬ፣ አስረከብኩ።

"አትድከሚ፣ ልጄ" አለ አባቴ። "አላየሁትም። ፍሬንም አልያዝኩም፤ ምኑን አይቼ ልያዝ? ቀኝ ዓይኔ ማየት ካቆመ ቆይቷል።"

"ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሁለት ዓመት ገደማ።"

"ሁለት ዓመት?" ጮህኩበት። እዚያ ቢሮ ውስጥ፣ በዚያ ሰውዬ ፊት፣ ጮህኩበት። "ሁለት ዓመት እየነዳህ? እኔን ይዘህ? ሰው ብትገድልስ? ለምንድን ነው የማትነግረኝ?"

"ብነግርሽ ቁልፉን ትቀሚኝ ነበር" አለ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ "ደግሞስ አንቺ ነበርሽልኝ እኮ" አለኝ።

ፖሊሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከቅያስ የሚወጣ ቅድሚያ መስጠት አለበትና ጥፋቱ የባለ ቪ8ቱ እንደሆነ ጻፈች። ሰውዬው ሊከራከር አፉን ከፈተ፣ ወረቀቴን አየና ዘጋው፣ ፈርሞ ወጣ። ያሸነፍነው እንዲህ ነው። ከዚያ የአባቴን መንጃ ፈቃድ ከመሳቢያው አወጣችና፣ "አባት፣ የዓይን ምርመራ ሳያደርጉ ልመልስልዎ አልችልም" አለችው።

"አውቃለሁ፣ ልጄ። እዚያው ይሁን" አላት። ግን አንዴ ስጪኝ ብሎ ተቀበላት፣ ፎቶዋን በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገ፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ለመያዝ መንገዱን መሻገር ነበረብን። ዳር ላይ ቆምን። እንደ ተናደድኩ ነበርኩ። በዚያ ሰውዬ፣ በሽማግሌዎቹ፣ ያላየውን ሲመሰክር በዋለው ሕዝብ ሁሉ። በአባቴም፣ ሊፈርም የነበረው ፈርቶ ሳይሆን አጥፊ መባል ዕውር ከመባል ስለቀለለው ነው፤ እኔ ደግሞ ፈሪ አልኩት። ከሁሉም በላይ ግን በዚያች ጠዋት ድርግም ባለች በር። ዓይን የለህም እንዴ አልኩት፣ ቶሎ በል አልኩት፣ እሱም ሁለቱንም ሰማ።

"ረዳት" አለኝ፣ ፊቱን ወደፊት እንዳደረገ። "ቀኝ?"

አንገቴን ሙሉ በሙሉ አዞርኩ። "አውቶቡስ እየመጣ ነው፣ አባዬ። ቆይ" አልኩትና ክንዱን ያዝኩ።